የሲስተር አስር ጊዜ ፊርማ

የሕፃናት ክፍሏን ነርስ በእውነተኛ ስሟ የሚያውቃት የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እናቶቹ «ሲስተር አስር ጊዜ» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ሰሞን ከጀርባዋ ነበር፤ አንድ ቀን አንዷን አፏ አዳልጧት ፊት ለፊት «ሲስተር አስር ጊዜ፣ ልጄን ትን አለው!» ብላ ስትጣራ ክፍሉ በሙሉ ክው አለ። እሷ ግን «መጣሁ፣ መጣሁ» ብላ ሮጠች። ልጁን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ ስታደርገው ተሻለው፤ ከዚያ ቀና ብላ «ለመሆኑ ማን ነው አልሽ ስሜ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጸደቀላት።

ስሙ የወጣላት ከጭቅጭቋ ነው። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት፣ ቤት ሄዳ የምትሠራውን ሥራ እዚያው ሲስተሯ ፊት አስር ጊዜ ሠርታ ማሳየት አለባት። ዘጠኝ አይበቃም። ሰባተኛው ላይ ከተሳሳተች ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። «ኧረ ሲስተር፣ ገብቶኛል እኮ!» ያለቻት እንደሆነ መልሷ አንድ ነው፤ «አንቺን መግባቱ ምን ያደርግልኛል፤ እጅሽን ይግባው።» ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ በዓይኗ ካላየች አታምንም።

አስር ጊዜ ሲሞላ ከመውጫ ቅጹ ግርጌ «እናት ሠልጥናለች» ከሚለው ጎን ትፈርማለች። አስራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ክፍል ስትሠራ ያለዚያ ፊርማ በሩን ያለፈ ሕፃን የለም። አባት ቢያጉረመርም፣ አልጋ ቢጠብ፣ አለቃ ቢቆጣ፣ ወይ ፍንክች! ቤታቸው የሄዱ እናቶች ራሳቸው ለጎረቤት ሲያወሩ «እሷ ከፈረመችልሽማ ልጅሽ ተረፈ ማለት ነው» ይላሉ። ስሟ ከሆስፒታሉ አጥር ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ይዞር ነበር።

ከሁሉም ሕፃናት ይልቅ የልቧ ጉዳይ የሆኑት አፍንጫቸው ከኋላ ተደፍኖ የሚወለዱት ናቸው። ከፊት ብታያቸው ምንም አይጎድላቸውም፤ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቆንጆ ሰልካካ አፍንጫ። ውስጡ ግን፣ አፍንጫ ከጉሮሮ በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ አጥንት ወይም ሥጋ ጋርዶታል። ትልቅ ሰው ቢሆን በአፉ እየተነፈሰ ይኖራል። አራስ ልጅ ግን በአፉ መተንፈስ ገና አያውቅበትም፤ አፉን የሚከፍተው ሲያለቅስ ነው። ስለዚህ ሲያለቅስ ይቀላል፣ ዝም ሲል ከንፈሩ ይጠቁራል። የሰው ሁሉ እናት ልጄ አለቀሰ ብላ ስትጨነቅ የነዚህ እናት ዝም አለብኝ ብላ ትጮኻለች። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይስጥ።

ድሮ ሐኪሞቹ የሕፃኑን ላንቃ ሰንጥቀው ነበር ወደዚያ ቦታ የሚደርሱት፤ ከደረሱም ነው። ኦፕራሲዮኑ እስኪደርስ ድረስ ሲስተር የጡጦ ጫፍ በመቀስ ቆርጣ፣ ቀዳዳውን አስፍታ፣ በልጁ አፍ አስገብታ በጨርቅ ማሰሪያ ጆሮው ላይ ታስርለታለች፤ አፉ እንዳይገጥም። ስንቱን በዚያ በተቆረጠ ጡጦ ለሳምንታት አቆይታለች። በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ተምሮ መጣ። የእስክሪብቶ ቀሰም ያህል የቀጠነች ካሜራ በአፍንጫው ቀዳዳ አስገብቶ፣ ውስጡን በቴሌቪዥን እያየ፣ በዚያችው ቀዳዳ ባለፈ ቀጭን መሣሪያ ግርዶሹን ይከፍታል። ፊት አይቀደድ፣ ላንቃ አይሰነጠቅ። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሲስተር የመጀመሪያውን ልጅ ከኦፕራሲዮን ክፍል ተቀብላ ዝም ብሎ፣ ቀልቶ፣ ተኝቶ ስታየው ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ይሄን ለማንም አልነገረችም።

ነገር ግን ያ አንድ ሰዓት የሐኪሙ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስድስት ሳምንት የእናትየው ነው። የተከፈተው ተመልሶ እንዳይገጥም በሁለቱም አፍንጫ ትንንሽ ቱቦ ይቀራል። ቱቦው ደግሞ በንፍጥ ይደፈናል። ከተደፈነ ልጁ ወደ ተወለደበት ቀን ተመለሰ ማለት ነው። እና ሲስተር ሦስት ነገር ታስተምራለች። አንደኛ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የጨው ውሃ በየቱቦው ጠብ ማድረግ። ሁለተኛ፣ በእግር በሚረገጠው መምጠጫ ንፍጡን መሳብ፤ ይሄ በየሦስት ሰዓቱ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ዝም ባለ ቁጥር ክር የምታህል ጥጥ በየቱቦው አፍ ላይ መያዝ። ጥጧ ከተንቀጠቀጠች አየር አለ። ካልተንቀጠቀጠች ሰዓት ሳትጠብቂ ጠብ አድርጊ፣ ሳቢ፣ ሩጪ።

የጥጧን ነገር ሁልጊዜ ለመጨረሻ ቀን ነበር የምታቆያት። ምክንያት ነበራት። መጀመሪያ ዓመት ላይ ቀድማ ብታስተምራቸው እናቶቹ «ጥጧ ተንቀሳቅሳለች» እያሉ ማጠቡ ላይ መስነፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እጃቸው ሥራውን ይልመድ፣ ጥጧ በመጨረሻው ጠዋት ትምጣ ብላ ወሰነች። ጥሩ ዘዴ ነበር፤ የመጨረሻው ጠዋት እስካለ ድረስ።

ሐኪሙ ስሙ ገነነ። ቴሌቪዥን መጣ፣ ጋዜጣ መጣ። አንድ ጊዜ የሲስተር እጅ ከእነ ሲሪንጁ በፊልሙ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ለእህቷ ስልክ ደውላ «ዛሬ ማታ እዪ፣ እኔ ነኝ» አለቻት። ማታ ሲታይ እጇ ክርኗ ላይ ተቆርጦ ነው የቀረው። እህቷ «የቱ ጋ ነው ያለሽው?» ብላ ደወለች። «ተዪው ባክሽ፣ ሌላ ቀን ነው» አለች ሲስተር። የሆስፒታሉ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ካሜራዋ ሙሉ ገጽ ፎቶ ወጣላት። ለካሜራ! ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ በየመዝገቡ «ሲስተር ካሳለፈቻት ትሂድ» ብሎ የሚጽፍ እሱ ነው። ግን ማን መዝገብ ያነባል። ይሄ ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሰው ሲጠይቃት ግን «እኔ ምን ቸገረኝ» ትላለች።

እንግዲህ ጡሩምባው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሕፃኑን ጡሩምባው ያሉት የክፍሉ እናቶች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ በዚያ ሕንፃ ተሰምቶ አያውቅም። እናቱ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል፣ በወር ሁለት ሦስት ቀን ቢመጣ ነው። የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። ስትመጣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ በርበሬ መስሏል፤ ልጁ ዝም ባለ ቁጥር እግሩን ቆንጥጣ እያስለቀሰች ነው ከጤና ጣቢያው ድረስ ያመጣችው። «ቆነጠጥኩት ሲስተር፣ እግሩ በለዘብኝ» ብላ አለቀሰች። ሲስተር ጡጦውን ቆርጣ እያሰረች «እሰይ! ባትቆነጥጪው ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር። ጎበዝ ነሽ» አለቻት።

ኦፕራሲዮኑ በአስራ አንደኛ ቀኑ ተሠራ፤ ሰመረ። ልጅቷ ደግሞ እጇ! ሰፊ ናት አይደል፣ የሲስተርን ሥራ እንደ ክር ማስገባት ነው የያዘችው። የጨው ውሃውን በመጀመሪያው ቀን አስር ጊዜ ያለ ስህተት፣ መምጠጡን በሁለተኛው ቀን አስር ጊዜ ያለ ስህተት። ሲስተር በአስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ እጅ አላየችም። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ ልጁ ዝም ሲል አታምንም። ሲተኛ ትቀሰቅሰዋለች፤ ጆሮዋን ትለጥፋለች፤ መቆንጠጥ ሁሉ ይቃጣታል። «ኧረ ይተኛበት አንቺ! አሁን ዝም ማለት እኮ መብቱ ነው» እያለች ሲስተር ታሾፍባታለች፤ ሌሎቹ እናቶችም ይስቃሉ።

ከኦፕራሲዮኑ በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ወደ ክፍሉ መጣ። ወትሮ የሚልከው ጸሐፊውን ነው።

«እናቴ፣ እንዴት አደሩ?» አላት። አስራ ዘጠኝ ዓመት «ስሚ» ስትባል ኖራ አሁን «እናቴ» ሆነች። «ሐሙስ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ አዲሱ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይመረቃል። ይሄን ክፍልም ይጎበኛሉ። ግድግዳውን ያዩታል አይደል? ዛሬ ቀለም ቀቢዎች ይገባሉ። ሌሎቹን ወደ ላይ አዛውረናል፤ ይሄኛው ግን ጨርሷል ተብሏል።»

«አልጨረሰም። እናትየው ሦስት ቀን ይቀራታል።»

«ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ጽፏል፤ ይኸው፣ ሲስተር ካሳለፈቻት ትሂድ ይላል።»

«ያላሳለፍኳትማ እኔ ነኛ!»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «ምን ቀራት?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። «ሕይወቱ ቀራት» ብትል ኖሮ ይሄ ታሪክ ባልኖረ። እሷ ግን የልጅቷን እጅ አሰበችና «ትንሽ ነገር» አለች። ትንሽ ነገር!

«እንግዲያውስ» አለ ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐሙስ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ስምዎ ይጠራል፤ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ እንክብካቤው ሁለት ደቂቃ ይናገራሉ። እናትየውና ልጁም ከጎንዎ ይሆናሉ። እስከ ዛሬ ሳናመሰግንዎ መቅረታችን የኛ ጥፋት ነው።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አስራ ዘጠኝ ዓመት በቁጣም በልመናም ፍንክች ያላለች ሴት በአንድ «እናቴ» እና በአንድ ወንበር ተፈታች። እሷ ራሷ በኋላ እንዲህ ብላ ነው የምትናገረው፣ ሌላ ሰው እንዲያቃልልላት አትፈልግም። ለራሷ ግን ያን ጊዜ ሌላ ነገር ነበር የነገረችው፤ ሐሙስ ትመጣ የለ፣ ያኔ በጥጥ አሳያታለሁ፣ ሦስት ቀን ምን ይሆናል፣ እጇ እንደሆነ ወርቅ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እስክሪብቶውን ከዳይሬክተሩ ኪስ ተቀብላ «እናት ሠልጥናለች» ከሚለው ጎን ፈረመች።

በሩ ላይ ቀለም ቀቢዎቹ መሰላል ይዘው ቆመው ነበር። ልጅቷ ልጇን አቅፋ፣ መምጠጫውን በፌስታል አንጠልጥላ፣ አላምን ብላ ታያታለች። «ጨረስኩ ሲስተር? እውነት? ዝም ካለብኝስ?»

ሲስተር ቸኩላለች፣ ደስም ብሏታል። ጉንጯን መታ አደረገቻትና «አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ ዝም ሲል አትደንግጪ። እንዳትቆነጥጪው! በሰዓቱ እጠቢው፣ ከዚያ ተዪው ይተኛ፤ አንቺም ተኚ። ሐሙስ እንገናኛለን» አለቻት።

ልጅቷ እጇን ስማት ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ጋውኗን ሁለት ጊዜ ተኩሳ ለበሰች። የምትናገረውን በግማሽ ወረቀት ጽፋለች፤ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ የጽዳቷ ሠራተኛ «ሲስተር፣ አስር ጊዜ በይው እንጂ!» ብላ ቀለደችባት። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ፊተኛው ረድፍ ላይ በስሟ ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር አለ፤ ከጎኑ «እናትና ልጅ» የተባለ ሌላ ወንበር አለ። ባዶ ነው። ታክሲ አጥተው ይሆናል አለች።

መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ጀመረ። የጡሩምባው አፍንጫ ውስጡ ግድግዳውን ሞላው፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ ዋሻ የመሰለ። ካሜራዋ ቀስ ብላ ገባች። ግርዶሹ ታየ፤ መሣሪያው ነካ ነካ አደረገውና ተከፈተ፤ ከወዲያ ማዶ ጉሮሮው ታየ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሲስተርም አጨበጨበች። እጇ ጭብጨባው ላይ ሳለ የጽዳቷ ሠራተኛ በጨለማው ጎንበስ ብላ መጣችና በጆሮዋ «ሲስተር፣ ነይ፤ ድንገተኛ ክፍል። ያቺ ሰፊዋ ልጅ ናት» አለቻት።

ልጁ አልጋ ላይ ነበር፤ ፎጣ ሸፍነውታል። ለምርቃቱ የተሰፋለትን ነጭ ሱሪ ለብሷል፤ እናቱ ነች የሰፋችለት። አንዱን ቱቦ ሲስተር ራሷ ጎትታ አየችው፤ ደርቆ የተጋገረ ንፍጥ ዳር እስከ ዳር ደፍኖታል። ሌላውም ያው ነው። ትንሽ ጉንፋን ይዞት ኖሯል።

የሆነውን የነገረቻት ልጅቷ ናት፤ አታለቅስም፣ ቃል በቃል ነው የምትናገረው። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠብ አድርጋ ሳበች፤ ንጹሕ ነበር። አጠባችው፣ ተኛ። የሚቀጥለው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ለምርቃቱ የራሷን ልብስ ስትተኩስ ዝም አለባት። ልቧ ፈራ። ካውያውን አስቀምጣ ሄደች፣ አልጋው ጋ ደረሰች፣ ከዚያ የሲስተርን ቃል አስታወሰችና ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛ ተነሣች። አማቷ «ዝም ሲልማ ተመስገን በይ፤ ትቀሰቅሺውና ኋላ አዳራሹን በጩኸት ያናውጠዋል» አለቻት። ይሄንንም ሰማች፣ ተመለሰች። ሦስት ሰዓት ላይ ሲሪንጇን ይዛ ስትሄድ ቀዝቅዟል።

ከአዳራሹ በኩል ማይክሮፎኑ ስሟን ሲጠራ ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ ጠሯት።

አማትየዋ ኮሪደሩ ላይ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያለቀሰች ትናገር ነበር፤ «ተኝታበት ነው! እናት እንዴት ልጇን ትታ ትተኛለች! ለልጄ ምን ብዬ ልደውልለት!» አልተኛችም፤ ካውያ ነው የያዘችው። ሴትዮዋ ግን የራሷን «ተመስገን በይ» ከዚያ ወሬ ውስጥ አውጥታ ጥላዋለች።

«እማማ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም» አለች ሲስተር። «የኔ ነው። ያላስተማርኳት ነገር አለ። ሳላስተምር ፈርሜ ነው የላክኋት። ዝም ሲል አትደንግጪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

አማትየዋ እንባዋን ጠርጋ አየቻት፣ ከዚያ እጇን ያዘቻት። «አይ አንቺ! ደግ ሰው ነሽ፣ ይሄን አገር ያውቃል። እሷን ለማዳን ብለሽ ነው። እግዜር ይስጥሽ፤ ግን እንዲህ አትዋሺላት።»

ሐኪሙ ጋ ሄደች። ሐኪሙ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ክራቫቱን ፈትቶ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ነገረችው። «ሲስተር፣ ራስዎን አይግደሉ» አላት። «እኔ እርስዎን አላውቅም? እርስዎ ሳያሳልፉ ፈርመው ያውቃሉ?» ከዚያ ዳይሬክተሩ ጋ ሄደች። ዳይሬክተሩ ሁሉን ሰምቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ውሃ ቀዳላት። አሁንም «እናቴ» ነው የሚላት። «ሐዘን ብዙ ያናግራል» አለ። «ዕረፍት ይውሰዱ።»

ሦስት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሲስተር ሁለት ገጽ ጽፋ አስገባች፤ ሰኞ ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ወንበሩን ሳይቀር። ሦስቱም ተራ በተራ አነበቡት፤ አንደኛዋ እንደ ማልቀስም አደረጋት። ከዚያ ቅጹን አወጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ላይ እናት ሠልጥናለች ይላል፣ ከጎኑ ፊርማ አለ። ፈራሚዋ ደግሞ በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን በሐሰት ፈርማ አታውቅም፤ ይህንኑ ሐኪሙም፣ እናቶችም፣ መዝገብ ቤቱም መሰከሩላት። በውሳኔው ላይ የሷ ሁለት ገጽ «ከርኅራኄ የመነጨ» ተባለ። የልጁ ሞት «በቤት ውስጥ ክትትል ጉድለት» ተብሎ ተዘጋ። ግልባጩ ለቤተሰብ ይድረስ ተባለ፤ አማትየዋ ሄዳ ተቀበለች።

ሲስተር ግልባጩ መሄዱን ስትሰማ አላስቻላትም፤ በማግሥቱ ከሰዓት ቤታቸው ሄደች። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ሌላው ሁሉ ባያምናት ግድ የለም፣ ያቺ ልጅ ትመናት። መንገድ ላይ ቃሏን ስታዘጋጅ ነበር። ሁለት ክፍል ቤት ነው። ፊተኛው ላይ የስፌት መኪናው፣ ጎኑ ላይ ክንዳቸው ያልተሰፋ ሰማያዊ ሸሚዞች ተቆልለዋል። አማትየዋ በሩን ከፍታ «ግቢ የኔ እናት» አለቻት፤ ልጅቷን ግን በስሟም አልጠራቻት፣ በአገጯ ነው ያመለከተቻት። ባልየው ከመንገድ መጥቷል፤ ውስጠኛው ክፍል ተኝቷል። ከመጣ ጀምሮ ሚስቱን ቃል አላናገራትም። የውሳኔው ግልባጭ ግድግዳው ላይ፣ መስታወቱ ጥግ ተሰክቶ ይታያል።

ልጅቷ መኪናው ላይ ነበረች። ከስታለች። ብድግ ብላ ወንበሩን ለቀቀችላት፤ ራሷ የጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀመጠች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለች ሲስተር። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ውስጥ ያለውም እንዲሰማ። «ለመጨረሻ ቀን የማቆያት ትምህርት አለች። ልጁ ዝም ሲል በጥጥ ማየት ነው። ለሁሉም እናት አሳያለሁ። ላንቺ አላሳየሁሽም። ልታይው ስትነሺ የመለስሁሽ እኔ ነኝ፤ ልብሽ ትክክል ነበር። ዳይሬክተሩ ወንበር ሰጠኝ፣ ለወንበር ብዬ ፈረምኩ። ገባሽ? አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ልጅቷ ቁልቁል እጇን እያየች ሰማች። ከውስጠኛው ክፍል ማንም አልወጣም።

«ሲስተር፣ ይተዉ» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን ነው የምተወው? እውነቱን ነው የነገርኩሽ!»

«እርስዎ ሳያስተምሩ አይፈርሙም።» ቁጣ የለበትም፤ የምታጽናናት ነበር የሚመስለው። «ስንቱ እናት ነገረኝ። ነግረውኝ ይሆናል፣ እኔ ነኝ የረሳሁት። እንቅልፍ አጥቼ ነበር እኮ፣ ጭንቅላቴ የት ነበር።»

«አልነገርኩሽም! አንቺ ልጅ፣ በእግዜር ስም፣ አልነገርኩሽም እኮ ነው የምልሽ!»

ልጅቷ ቀና አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ትክ ብላ አየችው።

«አሁን አሁን እንዲያውም ትዝ እያለኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በሩ ላይ ቆመን አይደል? ቀለም ቀቢዎቹ መጥተው። በሁለት ጣትዎ ጥጥ ይዘው፣ እንዲህ፣ ከአፍንጫው ሥር አድርገው...» ጣቷን ባዶ አየር ላይ ያዘች፤ እጇ ያው የሰፊ እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። «አዎ። አሳይተውኛል፣ ሲስተር። አስር ጊዜ ነው ያሳዩኝ።»